ታርቱፍን ስተረጉም፣ አራተኛ ወር፦ "ምስኪን" የወደቀችበት ቅዳሜ

ሰላም ጓዶች፣ የሞልየርን ታርቱፍ ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ እንደሆነ ባለፈው ነግሬያችሁ ነበር፣ አሁን የመጀመሪያው ገቢር መጨረሻ ላይ ደርሻለሁ። ጋሽ ጸጋዬ ገብረመድህን ይሄንኑ ቴአትር ድሮ ተርጉሞታል፣ ግን የኔን ሳልጨርስ የሱን ላለማየት ወስኛለሁ፣ አንዴ ካየሁት ከጆሮዬ አይወጣማ። በሱ የምቀናው ሌላ ነገር ላይ ነው፣ ፓሪስ ኮሜዲ ፍራንሴዝ የሚባለውን ቴአትር ቤት አይቶ መጥቶ በ1950ዎቹ የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር ሲመራ ተዋንያኑ አጠገቡ ነበሩ፣ የተረጎመውን ከሰው አፍ ሲወጣ መስማት ይችል ነበር። እኔም ለዛ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ ከአራት ልጆች ጋር ጮክ ብለን የምናነበው።

ታርቱፍ ጻድቅ መስሎ ኦርጎን በሚባል ባለጸጋ ቤት የተቀመጠ አስመሳይ ነው። ኦርጎን ከገጠር ተመልሶ ሰራተኛዋን ዶሪንን ቤቱ እንዴት ሰነበተ ይላታል። እመቤቴ ትኩሳት ይዟቸው ነበር ስትለው "ታርቱፍስ?" ነው መልሱ። ሁለት ቆቅና ግማሽ የበግ ታፋ በላ ስትለው ደግሞ "ሌ ፖቭር ኦም!"፣ እንዲህ እያለ አራት ጊዜ። "ምስኪን ሰውዬ!" ብዬ ነበር የጻፍኩት፣ ፍቺው ልክ ነው፣ ሲነበብ ግን ሞተ። ኦርጎንን የሚያነበው ልጅ ሶስተኛው ላይ ወረቀቱን ትቶ "እኔን!" አለ። በቃ፣ እሱ ነው! ምስኪን ከሩቅ ቆመህ ትላለህ፣ እኔን ግን በሱ ፋንታ እኔን ያድርገኝ ነው፣ ያውም ሚስቱ ታማ ተኝታ ለጠገበ ሰው!

ፈረንሳይኛው "ኢል" ብሎ ያልፋል፣ አማርኛ ግን እሱ ወይስ እሳቸው የሚለውን ያስመርጥሃል። ኦርጎን ያለጥርጥር እሳቸው ነው የሚለው። ዶሪንን "እሱ" አስብያት ነበር፣ የምታነባት ልጅ ግን ሰራተኛ በጌታዋ ፊት እንግዳውን እንዲህ አትደፍርም ብላ ተከራከረችኝና እሷ ልክ ነበረች፣ ስለዚህ "እሳቸው" ብላ ጀምራ ቁርስ ላይ ስለጠጣው አራት ብርጭቆ ወይን ስታወራ "ጨለጠው!" ያመልጣታል።

የግጥሙ ነገር ደግሞ፣ የሞልየር ስንኝ 12 ቀለም ሆኖ 6 ላይ ይከፈላል፣ የኛም ወል ቤት 6 በ6 ነው፣ በደስታ ትዕይንቱን በሙሉ በወል ቤት ሰራሁት፣ ሶስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ ግን ዶሪን ወሬ ማውራቷ ቀርቶ ግጥም የምታነብ መሰለች። ወደ ስድ ንባብ መለስኳት። ወል ቤቱን ያስቀረሁት ለክሌአንት፣ ለኦርጎን ሚስት ወንድም፣ ረጅም ንግግር ብቻ ነው፣ እሱን ለቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ስንኝ ካለ እዛው እንቆርጠዋለን።