የቅዳሜ ሣር

ግንቦት አልቆ ሰኔ ሲገባ ቨርጂኒያ ውስጥ ሣር ያብዳል። አንድ ቀን ዝናብ ይጥላል፣ በማግስቱ ፀሐይ ይወጣል፣ ሳምንት ሳይሞላ ቁርጭምጭሚት ያልፋል። እኛ ያለንበት የፌርፋክስ ካውንቲ ደግሞ ግማሽ ኤከር (ሁለት ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ) በማይሞላ ግቢ ሣር ከ12 ኢንች እንዲያልፍ አይፈቅድም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት የሣር ነው።

ዛሬ ጤዛው እስኪደርቅ እስከ ረፋድ ጠበቅሁ። እርጥብ ሣር እግር ያንሸራትታል፣ የሣር ማጨጃ ማሽኑም ውስጥ ይለጠፋል። እስከዚያው ግቢውን ዞርኩ። እውነቱን ለመናገር ከማጨዱ ይልቅ ይሄ ዙር ይበልጥብኛል። ጭራሮ፣ የተረሳ የውሃ ጎማ፣ ሎሚ የምታህል ድንጋይ አነሣሁ። የቢላው ጫፍ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሽከረከረው። ያቺ ድንጋይ ከሥሩ ብትገባ የጎረቤት መስኮት ወይም የሰው ዓይን ጋ ነው የምትደርሰው።

ልጄ "እኔ ልግፋው" ይላል። ገና 11 ዓመቱ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለሚገፋው ማሽን ቢያንስ 12፣ ተቀምጠው ለሚነዱት 16 ዓመት ይላል። የሱ ሥራ ጭራሮ መልቀም ነው፤ ሞተር ሲነሣ ቤት ይገባል። አኮረፈ። ያኩርፍ።

የኛ ሣር ቶል ፌስኪው የሚባለው ነው። የቢላውን ከፍታ ሦስት ኢንች ተኩል ላይ አድርጌ በአንድ ጊዜ ከርዝመቱ ሲሶውን ብቻ ነው የምቆርጠው። ማዶ ያለው ጎረቤቴ ግን "ቶሎ እንዳይመለስብኝ" ብሎ ይላጨዋል። ሐምሌ ሲመጣ ግቢው ቡናማ ይሆንና አረም ይወርሰዋል። ረጅም ሣር ለራሱ ሥር ጥላ ነው፤ ለአረም ፍሬም ብርሃን አይሰጥም።

ከኢትዮጵያ የመጣችው እናቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። "ይሄን ሁሉ ሣር! አንዲት ላም እንኳ የላችሁም?" አለች። የታጨደውን እዚያው እንደምተወው ስነግራት ይባስ ገረማት። "በስብሶ ናይትሮጅኑን ለመሬቱ ይመልሳል" አልኳት። "ኧረ እንግዲህ፣ ፍግ ነው በለኛ!"

አጨዳውን መጀመሪያ ዳር ዳሩን ሁለቴ ዞሬ ነው የምጀምረው፤ ከዚያ ቀጥ ባለ መስመር ነው። ያለፈውን መስመር በጎማ ስፋት ያህል እደርበዋለሁ፣ አለዚያ ጺም የመሰለ ነገር ይቀራል። አቅጣጫውን በየሳምንቱ እቀይራለሁ። ከኋላ ያለችውን ተዳፋት ወደ ጎን ነው የምገፋው። ሽቅብ ቁልቁል ስትሄድ ከተንሸራተትክ ወይ አንተ ከማሽኑ ሥር ትገባለህ፣ ወይ ማሽኑ ይመጣብሃል። ተቀምጠው የሚነዱት ግን ተቃራኒው ነው፤ ወደ ጎን ከሄደ ይገለበጣል።

መሀል ላይ ማሽኑ ሣር ታፈነበት። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ እዚህ አገር የሚሸጥ የሚገፋ ማሽን መያዣው ሲለቀቅ ቢላው በሦስት ሴኮንድ ውስጥ መቆም አለበት። እኔ ግን ቆመ ብዬ እጄን አልሰድም። ሞተሩ ድንገት እንዳይነሣ የካንዴላውን ሽቦ ነቅዬ፣ በእንጨት ነው ያጸዳሁት። ቤንዚንም ያለቀ እንደሆነ ሞተሩ ሳይበርድ አልሞላም።

ስጨርስ አንድ ሣር ነቅዬ ጫፉን አየሁት። ተቦጫጭቋል፣ ነጣ ብሏል። ቢላው ደንዟል ማለት ነው። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፈትቼ በሞረድ እስለዋለሁ።