እማዬ ሁለት ነጠላ ይዛ ነበር የምትሄደው

ከሰዓት ጀምሮ ሆድ ብሶኛል። ምንም የሆነ ነገር የለም። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ የጥቅምት ፀሐይ በረንዳውን ሞልቶታል። በዚህ ፀሐይ ነጠላ ካልታጠበ መቼ ሊታጠብ ነው ብዬ ሳፋዬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ነጠላ መቼም አጥብቀው አያሹትም። ቀስ እያልኩ አረፋው ውስጥ ሳገላብጠው፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያየኋት ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ለካ ሆዴን ያስባሰችው እሷ ናት።

ዛሬ ጥቅምት 14 ነው፤ የአቡነ አረጋዊና የገብረ ክርስቶስ በዓል። ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶ እስከ አስፋልቱ ድረስ ቆሟል። ልጅቷ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ጂንስ ሱሪ ለብሳለች። ጥፍሯ ቀይ ነው፣ ግማሽ ፀጉሯን ወርቃማ ቀለም ተቀብታለች። በእጇ የያዘቻትን ትንሽ ሻርፕ ፀጉሯ ላይ ልታደርግ ትታገል ነበር። ሻርፗ አጠረቻት። ወደ ፊት ስትስባት ከኋላ ይገለጣል፣ ወደ ኋላ ስትመልሳት ከፊት።

አንዲት እናት ክንዷን ያዝ አደረጓትና፣ «እንዲህ ሆነሽ ነው የእግዚአብሔር ቤት የምትመጪው? ጭፈራ ቤት መሰለሽ?» አሏት። ጮክ ብለው ነው ያሉት። ሰው ሁሉ ዞረ። ልጅቷ ምንም አልመለሰችም። ሻርፗን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ የበሩን ብረት ሳመች፤ ግንባሯን አስነክታ፣ ደግማ ሳመች። ዞራ ሄደች።

እኔ ከእነሱ ብርቅ ሦስት እርምጃ ነው። ትንፍሽ አላልኩም።

ሥርዓቱ ይቅር እያልኩ አይደለም። ያደግኩበት ነው፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ስገባ ልቤ ራሱ ይሰበሰባል። ግን ያቺ ልጅ ምን ቀስቅሷት እንደመጣች በምን አወቅን? ስንት ጊዜ ቀርታ ዛሬ የመጣች ብትሆንስ? ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ ሲነጋ እግሯ ያመጣት ብትሆንስ? ውስጥ ስብከት ነበር፣ ጥሩ ስብከት። እሷ ግን የሰማችው የበሩን ብቻ ነው።

ደግሞ በዚያው በር፣ ከእሷ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ሱፍ የለበሰ ሰው መጣ። የመኪናውን ቁልፍ እጁ ላይ ያሽከረክራል። ነጠላ የሚባል ነገር የለውም። «ይለፉ፣ ይለፉ» ተብሎ መንገድ ተለቀቀለት። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ የወርቅ ቀለበት ስላደረገውና እድፋም ልብስ ስለለበሰው ሰው የጻፈው እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ መሆን አለበት።

ከሁሉ የከነከነኝ ቀኑ ነው። ገብረ ክርስቶስ የንጉሥ ልጅ ነበር። በሠርጉ ሌሊት ሁሉን ትቶ ወጣ፣ የድሃ ልብስ ለበሰ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ከነዳያን ጋር ሲለምን ብዙ ዓመት ኖረ። በኋላ ወደ ገዛ አባቱ ደጅ ተመለሰ። ማንም አላወቀውም። የአባቱ አገልጋዮች እጣቢ ይደፉበት ነበር። ማን እንደሆነ የታወቀው ከሞተ በኋላ፣ እጁ ላይ በተገኘው ጽሑፍ ነው።

ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው በአገልጋዮቹ እናደድ ነበር። ዛሬ እጄ ሳፋ ውስጥ እንዳለ ሌላ ነገር መጣብኝ። ክፉ ሰዎች ባይሆኑስ? የንጉሡ ደጅ እንዳይቆሽሽ የሚደክሙ፣ ጌታቸውን የሚወዱ ሰዎች ቢሆኑስ? ደጁን ሲጠብቁ ልጁን አላዩትም። የጠዋቷ እናትም እንደዚያው ናቸው። አውቃቸዋለሁ፤ ጾም አያጎድሉም፣ ኪዳን አያመልጣቸውም፣ ለነዳያን ዳቦ ሳይዙ አይመጡም። በእውነት ቤቱን ወደው ነው የተቆጡት። ይሄ ነው የሚያስጨንቀኝ።

እማዬ ሁልጊዜ በፌስታል አንድ ትርፍ ነጠላ ትይዝ ነበር። ራሷን ያልሸፈነች ልጅ ስታይ ከኋላዋ ጠጋ ትልና ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርግላታለች። «ይበርድሻል፣ ልጄ።» በቃ፣ ሌላ ቃል የላትም። በሚያዝያ ሙቀትም ይበርድሻል ነው። ቅዳሴ ሲያልቅ ልጆቹ ፈልገው ይመልሱላታል፣ ጉልበቷን የሚስሙም ነበሩ። ቤት ስንገባ ነጠላውን አፍንጫዋ ላይ ታስጠጋዋለች። አንዳንዴ ሽቶ፣ አንዳንዴ የፀጉር ቅባት፣ አንድ ጊዜ የሲጋራ ሽታ ነበረው። እኔ ፊቴን ሳጨማድድ እሷ፣ «የዛሬዋ ልጅ ደክሟታል» አለችና አጥባ አሰጣችው።

አንድ እሑድ ነጠላው ሳይመለስ ቀረ። ከሽሮሜዳ የገዛሁላት፣ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነው ነው። ግቢው ባዶ እስኪሆን ጠበቅን። እኔ በንዴት፣ «ይዛብሽ ጠፋች!» አልኳት። «ለብሳው ሄደች በይ» አለችኝ። በሚቀጥለው እሑድ የራሷን አሮጌውን ፌስታሉ ውስጥ ከታ ወጣች።

እማዬ ካረፈች 6 ዓመት ሆናት። ያ ነጠላ ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር። አሁን ግን የራሴን ገመድ ላይ እያሰጣሁ ስለ እሱ ብቻ ነው የማስበው። የወሰደችው ልጅ ዛሬ እኔን የምታክል ሴት ሆናለች። ልጆችም ይኖሯት ይሆናል። ምናልባት እሷም በሆነ ቤተ ክርስቲያን በር አጠገብ ቆማ ታስቀድሳለች። አጭር ሻርፕ ይዛ የምትታገል ልጅ ስታይ ምን ትላት ይሆን?