«ሌንሱ ርካሽ ስለሆነ ነው»

እናትየው የሰርጉን ናሙና ፎቶዎች አንድ በአንድ ሲያገላብጡ ቆይተው፣ ሙሽሮቹ ጉልበት የሚስሙበት ፎቶ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው አደረጉ። ከዚያ ፎቶ አንሺዋን ቀና ብለው አይተው፣ «ልጄ፣ ይቺ ዳር ላይ ያለችው ማን ናት?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት እማማ።»

«እኔ?» ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። «ፊቴ እንዲህ ሰፊ ነው እንዴ?»

አልተቆጡም። አውራ ጣታቸውን በራሳቸው ምስል ላይ አሳርፈው የቀሩትን ማየት ቀጠሉ፤ ሙሽራዋን፣ ሙሽራውን፣ አባትየውን፣ ከኋላ የቆሙትን ሚዜዎች። ጣታቸውን ሳያነሱ፣ «ሌላው ሁሉ አምሮበታል» አሉ።

ፎቶ አንሺዋ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት የስቱዲዮው ባለቤት ከጠረጴዛቸው ሆነው ቀደሟት። «ሌንሱ ርካሽ ስለሆነ ነው እናታችን። ፎቶውን እናስተካክላለን፣ ሌንሱንም እንቀይረዋለን።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፣ ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ግን እስካሁን ታንገበግባለች። ሌንሱ ርካሽ መሆኑ እውነት ነው። የእናትየውን ፊት ያሰፋው ግን ዋጋው አልነበረም።

ሌንሱ የተገዛው ከሰርጉ ሁለት ወር አስቀድሞ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰርግ የሚሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጠዋት የሙሽራዋ ቤት ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የኮንዶሚኒየም ሳሎን ነው። ሶፋው፣ ቡፌው፣ የዳቦው ጠረጴዛ፣ አሥር ሚዜ፣ ቪዲዮ አንሺው ከነመብራቱ፤ ለፎቶ አንሺ የሚተርፈው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ መቆም ብቻ ነው። ስቱዲዮው የነበሩት ሁለት ካኖን 700ዲ ካሜራዎች ሲሆኑ ሌንሳቸው አብሯቸው የመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ይህ ቁጥር ባነሰ መጠን ሌንሱ ሰፊ ቦታ ያሳያል። በዚያ ሌንስ አባት ሲገባ አጎት ይቆረጣል፣ አጎት ሲገባ ሚዜ ይቆረጣል።

ምን ያህል ሰፊ ሌንስ እንደሚያስፈልግ በግምት መወሰን አይገባም፤ ሒሳቡ ቀላል ነው። የ700ዲ ሴንሰር፣ ምስሉን የሚቀበለው ሰሌዳ፣ ወርዱ 22.3 ሚሊ ሜትር ነው። ከካሜራው እስከ ሰዎቹ ያለውን ርቀት በ22.3 ማባዛት፣ ውጤቱን ለሌንሱ ቁጥር ማካፈል። ሰዎቹ 3 ሜትር ርቀው ከሆነ 18 ሚሊ ሜትር 3.7 ሜትር ወርድ ያሳያል፤ 10 ሚሊ ሜትር 6.7 ሜትር ያሳያል። ሳሎኑን በእርምጃ ለክቶ ይህን ያሰላ ሰው ሱቅ ገብቶ አይደናገርም።

ለምርጫ የቀረቡት ሦስት ነበሩ። ባለቤቱ የፈለጉት ያገለገለ ቶኪና 11-16 ነው፤ ኤፍ 2.8 ነው (የኤፍ ቁጥር ባነሰ መጠን ብዙ ብርሃን ይገባል)፣ 560 ግራም ይመዝናል፣ በእጅ ሲያዝ ጠንካራ ዕቃ መሆኑ ይታወቃል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የነበረው የካኖን 10-22፣ 385 ግራም። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2014 በ299 ዶላር የወጣው የካኖን 10-18 ኤስቲኤም ሲሆን 240 ግራም ብቻ ነው፤ ካሜራው ላይ የሚገባበት ቀለበት እንኳ ፕላስቲክ ነው። ፎቶ አንሺዋ የያዘችው ይህንን ነው። ከዱባይ የሚመጣ ሰው በትንሽ ቦርሳ ይዞት ይገባል፤ በቶኪናው ዋጋ ላይ የሚተርፈው ገንዘብ ደግሞ ሁለተኛ ፍላሽ ይገዛል።

የባለቤቱ ክርክር ከንቱ አልነበረም። ኤፍ 2.8 ከ10-18ቱ ኤፍ 4.5 ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ብርሃን ያስገባል፤ አንዱ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 የሚያነሳውን ሌላው 4000 ይጠይቃል። ሌላም ነገር አንስተው ነበር፤ ወደፊት ፉል ፍሬም፣ ማለትም ትልቅ ሴንሰር ያለው እንደ ካኖን 6ዲ ያለ ካሜራ ቢገዛ፣ 10-18ም ሆነ 10-22 ኢኤፍ-ኤስ፣ ለትንሹ ሴንሰር ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ፣ እሱ ላይ ጭራሽ አይገቡም። ይህ ትክክል ነው። ቶኪናው ይገባል፣ ግን የተሠራው ለትንሹ ሴንሰር ስለሆነ በአብዛኛው የዙም ቁጥሩ ላይ የፎቶው ማዕዘኖች ይጠቁራሉ፤ ስለዚህ ትርፉ የሚመስለውን ያህል አይደለም።

ፎቶ አንሺዋ ግን ሥራውን ከፋፍላ አስረዳች። ጠዋት ቤት ውስጥ የሚሠራው በፍላሽ ነው። ኮርኒሱ ነጭ ከሆነ ፍላሹን ወደ ላይ አዙሮ መምታት፤ አይኤስኦ 800፣ ኤፍ 5.6፣ ሹተር 1/125 ሰከንድ፣ ሳሎኑ በሙሉ ይበራል። እዚህ ላይ ኤፍ 2.8 የሚጨምረው ነገር የለም። ፍላሹን በቀጥታ ወደ ፊት መምታት ደግሞ በዋይድ (ሰፊ) ሌንስ አይሆንም፤ የፍላሹ ብርሃን 10 ሚሊ ሜትርን አይሸፍንምና መሀሉ ነጥቶ ዳሩ ይጨልማል። ዴኮርና ምግብ ሲነሳ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚቀንሰው የ10-18 መረጋጊያ ያግዛል፤ ዕቃ አይንቀሳቀስምና እጅ ብዙ ካልተንቀጠቀጠ በ1/8 ሰከንድ ንጹሕ ፎቶ ይወጣል። ሰው ላይ ግን መረጋጊያው ምንም አይሠራም፤ የሚጨፍር ሰው በ1/8 ጭስ ይሆናል። በዙሙም በኩል 11-16 ቶሎ ያልቃል፤ 10-18 ከ18-55 ጋር ሳይዘል ይገናኛል።

ምሳሌው የካኖን ሆነ እንጂ ኒከን ለያዘ ሰው ጥንቃቄው ይብሳል። የኒከን 10-20 ኤኤፍ-ፒ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ 230 ግራም የሆነ ጥሩ ርካሽ ሌንስ ነው፤ ዲ3200፣ ዲ5100 ወይም ዲ90 ላይ ግን ፎከስ አያደርግም፣ በእጅም ቢሆን። ዲ5300 ላይ የሚሠራው የካሜራው ፈርምዌር (የውስጥ ፕሮግራሙ) ከታደሰ ነው። የመጀመሪያው ቶኪና 11-16 ለኒከን ሲሠራ በውስጡ የፎከስ ሞተር የለውም፤ ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ላይ ፎከሱን በእጅ ማዞር ግድ ነው። ሻጭ ይህን አይናገርም፤ ሌንሱ ስለገባ ይሠራል ይላል።

በመጨረሻ ገንዘቡ ወሰነና 10-18 ተገዛ። ያገለገለ ስለነበር በደንብ ተፈተሸ፤ አፈታተሹም መነገር አለበት። መጀመሪያ የስልክ መብራት ከኋላ በኩል አስገብቶ ማየት፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ከታየ ፈንገስ ነው፣ መተው። ከዚያ ካሜራው ላይ አድርጎ ዙሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያዞሩ ሃያ ያህል ፎቶ ማንሳት፤ በአንዱ ቁጥር ላይ ኤረር 01 (ካሜራውና ሌንሱ አልተግባቡም የሚል መልእክት) ከመጣ መጀመሪያ ሌንሱ ከካሜራው ጋር የሚገናኝባቸውን ወርቅማ ነጥቦች በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፣ ከተመለሰ መተው። ዋናው ግን ያልተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ ነው። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁሞ ግድግዳውን ፊት ለፊት ማየት፣ 10 ላይ በኤፍ 5.6 ማንሳት፣ ከዚያ አራቱን ማዕዘን አጉልቶ ማነጻጸር። በብሎኬቶቹ መሀል ያለው የሲሚንቶ መስመር ግራ ማዕዘን ላይ ጥርት ብሎ ቀኝ ላይ ከፈዘዘ፣ አንዱ ብርጭቆ ከቦታው ተዛንፏል፤ የወደቀ ሌንስ ነው። አራቱም እኩል ትንሽ ቢፈዝዙ ችግር የለውም፤ ርካሽ ዋይድ ጠባዩ ነው፣ ኤፍ 8 ላይ ይሻሻላል። ይህኛው አራቱም ማዕዘን እኩል ነበር። ጤነኛ ሌንስ ነበር።

እናም ወደዚያ ጠዋት እንመለስ። ሳሎኑ 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ሶፋው በረጅሙ ግድግዳ ላይ ነበር፤ ከፎቶ አንሺዋ እስከ ተቀማጮቹ 2 ሜትር ተኩል ገደማ። እናትየው ሶፋው ላይ አልነበሩም። ከሌሊቱ ጀምሮ ከወጥ ቤት ሳይወጡ ቆይተው፣ «ኑ እንጂ፣ ልጆቹ ጉልበትዎን ይሳሙ» ተብለው ሲጠሩ፣ ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ባለው ነጠላ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ወንበሩ ከሶፋው ወደ ፊት የወጣ፣ ለካሜራው የቀረበና በጣም ዳር ላይ ያለ ነው። ሙሽሮቹ ከአባትየው ጀመሩ። ፎቶ አንሺዋ እናትየውን ለማስገባት ዙሙን ወደ 10 አዞረችና ተኮሰች። ሁሉም ገባ።

14 ላይ ብትቆም ሶፋው ከዳር እስከ ዳር 4 ሜትር ይገባላት ነበር፤ የሚቀረው ያ ወንበር ብቻ ነው። ማድረግ የነበረባት እናትየውን «እማማ፣ ከአባባ ጎን ይቀመጡልኝ» ማለት ነበር።

አሁን ወደ ፊቱ። ቀጥ ያለ መስመርን ቀጥ አድርጎ የሚያሳይ ዋይድ ሌንስ ሁሉ ዳር ላይ ያለውን ይለጥጣል። ግድግዳ ቢሆን አይታወቅም፤ ክብ ነገር ግን፣ ሰሐንም ሆነ የሰው ራስ፣ ሞላላ ይሆናል። እናትየው ከመሀሉ 45 ዲግሪ ያህል ወጥተው ነበር፤ በዚያ ቦታ ራስ ወደ ዳር በኩል 1.4 እጥፍ ይሰፋል። በ18 ሚሊ ሜትር የፎቶው ጠርዝ ላይ ያለ ሰው 1.2 እጥፍ እንኳ አይሞላም፤ ለዚህ ነው በድሮው ሌንስ ማንም ያላማረረው። ይህ የጂኦሜትሪ ነገር ስለሆነ የሌንሱ ዋጋ አሥር እጥፍ ቢሆንም ቁጥሩ አይቀየርም። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ የሌንሱን ፕሮፋይል መጫንም አይፈውሰውም፤ ፕሮፋይሉ የጎበጠውን መስመር ሲያቀና ማዕዘኑን ጭራሽ ይስበዋል።

ይህን ሁሉ ፎቶ አንሺዋ ታውቀዋለች። በዚያች ሰዓት ግን ዝም አለች፤ ደንበኛ ፊት አለቃን ማረም በእኛ ቤት የሚደረግ ነገር አይደለም። እናትየው ሲወጡ «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የሌንሱ አይደለም» አለቻቸው። እሳቸውም፣ «ያንቺን ጥፋት እኔ ሸፈንኩልሽ» አሉ። ደግነት ነበር፤ ለእሷ የታሰበ። ግን ጥፋቱ ሌንሱ ላይ ከተለጠፈ፣ በሚቀጥለው ሰርግ ሌላ እናት ያው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

እንደዚያም ሆነ። 10-18ቱ መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈና ቶኪናው ተገዛ። በመጀመሪያው ሰርግ ዳር ላይ የቆመች ሚዜ በ11 ሚሊ ሜትር ትከሻዋ የወንድ ትከሻ ሆኖ መጣ፤ ከላይ የቪዲዮው መብራት ፍሬሙ ውስጥ ስለነበር አረንጓዴ ነጠብጣብ ፎቶውን አቋርጦ አልፏል። የዚያ ሌንስ የታወቀ ድክመት ነው። ማታ ግን፣ አዳራሹ ጨልሞ ጭፈራው ሲደራ፣ የ10-18ቱ ፎቶ ያለ ፍላሽ ተንቀጥቅጦና ጠቁሮ ይወጣ ከነበረበት ቦታ ቶኪናው ጥርት ያለ ነገር አመጣ። ባለቤቱ ስለ ማታው ልክ ነበሩ፤ ፎቶ አንሺዋ ስለ ጠዋቱ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ሌንሶች በአንድ ቦርሳ መሄድ ጀመሩ። 10-18ቱ የዙም ቀለበት ላይ፣ 14 ቁጥር አጠገብ፣ ከቁስል ፕላስተር የተቆረጠች የጥፍር ያህል ነጭ ቁራጭ ተለጥፋለች። በጣት ትዳሰሳለች፤ ዓይን ከካሜራው ሳይነሳ የት እንደተደረሰ ታሳውቃለች። ሰው ካለበት ከእሷ ወዲያ አይታለፍም። ዳር ላይ መጋረጃ፣ አበባ፣ የበር መቃን ይቆም፤ እነሱ ቢለጠጡ አያዝኑም። አዛውንት ወደ መሀል።

የእናትየው ፎቶ የተስተካከለው ዲኤክስኦ ቪውፖይንት በሚባል ፕሮግራም ነው፤ ዳር ላይ የተለጠጠ ሰውን መልሶ የሚሰበስብ መሣሪያ አለው። ፊታቸው ወደ ራሳቸው ፊት ተመለሰ፣ እጃቸውም እንደዚያው። ፎቶው በትልቁ ታትሞ በፍሬም ሲወስዱ ደጋግመው አመሰገኑ፣ ፎቶ አንሺዋንም ግንባሯን ሳሟት። መሣሪያው ሰውን ሲሰበስብ ቀጥ ያለውን መስመር ያጎብጣልና፣ ከኋላቸው ያለው የወጥ ቤቱ በር መቃን ወደ ውጭ ትንሽ ተለምጧል። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ እንደዚያው ተሰቅሏል።