የደሙ ቁጥር ባይጨምርም ሕመሙ ይጨምራል

ኤ.ኤል.ኤስ የተባለውን፣ እንቅስቃሴን የሚያዙ ነርቮችን የሚያጠፋ ሕመም በደም ምርመራ በሚከታተል ጥናት ውስጥ የቤተ ሙከራው ሥራ የእኔ ነበር። ዋናው መለኪያችን ኒውሮፊላመንት ላይት የሚባለው ፕሮቲን ነው። ለነርቭ ዘንግ ምሰሶ ሆኖ የሚያገለግል ሲሆን፣ ዘንጉ ሲፈርስ ወደ አከርካሪ ፈሳሽ፣ ከዚያም እጅግ በጥቂቱ ወደ ደም ይገባል። መጠኑ በፒኮግራም (በግራም ትሪሊዮንኛ) ስለሚቆጠር ተራ የደም መመርመሪያ አያገኘውም።

ከመሣሪያው ይልቅ የጠቀመን የናሙናዎቹ አያያዝ ነው። ደሙ እንደተቀዳ ፕላዝማው፣ ማለትም ሕዋሳት የሌሉበት ፈሳሹ ክፍል፣ ተለይቶ፣ በትናንሽ ቱቦዎች ተከፋፍሎ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። የአንድ ሰው ናሙናዎች ተጠራቅመው ሲያልቁ ሁሉንም በአንድ ፕሌት (ብዙ ናሙና በአንዴ በሚመረመርበት ባለ ብዙ ጉድጓድ ሳህን) ላይ ጎን ለጎን አሰለፍኳቸው። በየጊዜው እየተነጣጠሉ ቢሠሩ ኖሮ በፕሌትና በፕሌት መካከል ያለው መጠነኛ ልዩነት የሕመሙ ለውጥ መስሎ ይነበብ ነበር። ሴረምን (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚቀረውን ፈሳሽ) እና ፕላዝማንም በአንድ መስመር ላይ አላስቀምጥም፤ ከአንድ ክንድ በአንድ ጊዜ ቢቀዱ እንኳ ቁጥራቸው አይገጥምም።

ውጤቱ ሲወጣ የብዙዎቹ መስመር ጠፍጣፋ ነበር። በመጀመሪያው ቀጠሮ የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ይቆልፍ የነበረ ሰው፣ በኋላ ማንኪያ መያዝ አቅቶታል፤ ኒውሮፊላመንቱ ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ምርመራው አልተሳሳተም። ይህ ፕሮቲን የሚናገረው ነርቩ በምን ፍጥነት እየፈረሰ እንደሆነ እንጂ እስካሁን ምን ያህሉ እንደፈረሰ አይደለም። ቁጥሩ ገና ከጅምሩ ከፍ ያለበት ሰው በአብዛኛው ቶሎ ይደክማል። ቁጥሩ ባለበት ስለቆመ «ሕመሙ ቆመ» ብሎ ለቤተሰብ መንገር ግን ጭካኔ ነው። የጠፋውን አቅም ለመለካት ከ48 የሚታሰበው የአቅም መመዘኛ መጠይቅ አሁንም ይሻላል።

ፍጥነትን ማወቅ ታዲያ ቀላል ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ቶፈርሰን የተባለው መድኃኒት፣ ኤስኦዲ1 በተባለው ጂን ለውጥ ለሚመጣው ኤ.ኤል.ኤስ በአሜሪካ በተፋጠነ መንገድ የተፈቀደው በፕላዝማ ኒውሮፊላመንት መቀነስ ላይ ተመሥርቶ ነው። በ28 ሳምንቱ ሙከራ በአቅም ነጥብ የታየው ልዩነት ግን በስታቲስቲክስ ሚዛን አልበቃም ነበር።

ቁጥሩ ድንገት ሲያሻቅብ መጀመሪያ የማየው ኩላሊትን ነው፤ ኩላሊት ሲደክም ኒውሮፊላመንት በደም ውስጥ ይከማቻልና። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኩላሊት በተለምዶ የሚታየው በክሬቲኒን ነው፤ ክሬቲኒን ደግሞ ከጡንቻ የሚመነጭ በመሆኑ በዚህ ሕመም ከጡንቻው ጋር አብሮ ይወርዳል። ኩላሊቱ እየደከመ ውጤቱ «ደህና» ሊል ይችላል። ስለዚህ ለኩላሊት፣ በጡንቻ መጠን ብዙም የማይወሰነውን ሲስታቲን ሲ የተባለ ፕሮቲን ምርመራ አዝዛለሁ። ክሬቲኒንንም አልተውኩትም፤ በየቀጠሮው ትንሽ በትንሽ ሲወርድ ጡንቻው ምን ያህል እንደሳሳ ያሳየኛል፤ በየትኛውም ቤተ ሙከራ የሚሠራ ርካሽ ምርመራ ነው።