ሰባት ወር ከአራት ቀን

ሥራዬ ኮንቲኒዩቲ ነው። ተዋናዩ በር ሲከፍት ሰዓቱ ግራ እጁ ላይ ከነበረ፣ ከሳምንታት በኋላ ከበሩ ማዶ ያለውን ስንቀርጽም እዚያው መኖሩን የማረጋግጠው እኔ ነኝ። ድራማ ከክፍል አንድ ጀምሮ በተራ አይቀረጽም። ቤቱ በቀን ስለሚከራይ ሳሎን ውስጥ ያለው ሁሉ፣ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ክፍል፣ በአንድ ሰሞን ተጠራርጎ ይቀረጻል። አባት ጠዋት ልጁን ይድርና ከሰዓት በኋላ ክርስትና ያስነሳዋል።

አሁን የማወራችሁን ድራማ የቀረጽነው ለገጣፎ፣ አንድ ቪላ ውስጥ ነበር። ቦታው ለዓይን ጥሩ ነው፤ ለጆሮ ግን መከራ። ቤት የማይሠራ ጎረቤት የለም። የሲሚንቶ ሚክሰሩ ሲያርፍ ባጃጅ፣ ባጃጁ ሲያልፍ ከለገዳዲ በኩል የሚመጣው ንፋስ። የድምፅ ባለሙያችን ሄድፎኑን አውልቆ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ይውል ነበር።

ታሪኩ የአንድ እህል ነጋዴ ነው። ሚስቱን ሲያገባ ከሌላ ሰው ፀንሳ ነበር፤ እሱ አያውቅም። ልጁ ሃያ ዓመት ሲሞላው የዲኤንኤ ውጤት የያዘ ፖስታ ቤት ይደርሳል። አባት ያነባል፣ ይጮኻል፣ ልጁን ያባርራል፣ ከአራት ክፍል በኋላ አልቅሶ ይመልሰዋል። ይህ ፖስታ፣ በእኔ ግምት፣ በአማርኛ ድምፅ ተሰጥቷቸው ከሚታዩት የውጭ ድራማዎች የወረስነው ዕቃ ነው። ደራሲ ሲጨንቀው ፖስታ ያስገባል።

አባትየውን የሚጫወቱት አንጋፋ ተዋናይ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መብራት እስኪስተካከል ሶፋው ላይ ተቀምጠው ዕቃ ማገላበጥ ይወዳሉ። ቡፌው ላይ የሰርጉ ፎቶ ነበር፤ ጥጉ ላይ በወርቃማ ቀለም ጥር 17 የሚል ተጽፎበታል። ፖስታው የሚገባበት ክላሰር ውስጥ ደግሞ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት አለ፤ ነሐሴ 21፣ ያው ዓመት። መነጽራቸውን አደረጉና በጣታቸው አንጓ መቁጠር ጀመሩ። የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ... ነሐሴ ላይ ቆሙ።

«ና እስቲ፣ አንተ ባለደብተሩ» አሉኝ። «ይኼ ልጅ ሲወለድ ስንት ኪሎ ነበር?»

ገለጥኩ። ሆስፒታሉ ውስጥ አዋላጇ «3.8 ኪሎ! ይኼማ ከአሁኑ ሊራመድ ነው!» ትላለች።

«በሰባት ወር ከአራት ቀን?» አሉ ጋሼ። «የሰባት ወር ልጅ ሁለት ኪሎ ከሞላ ተመስገን ነው። እኔኮ በክፍል አንድ የሰፈሩን ዱቤ ያለ ወረቀት የማወራርድ ሰው ነኝ። ኩንታል በዓይኑ የሚመዝን ነጋዴ እቅፉ ውስጥ ያለውን ልጅ ሳይመዝን ሃያ ዓመት ኖረ ነው የምትሉኝ?»

ዳይሬክተራችን ፊቱ ጠቆረ። «ጋሼ፣ ተመልካች ይኼን አይቆጥርም።»

«የኔ እናት ትቆጥራለች» አለች ሜካፕ የምትሠራው ልጅ ከጥግ። «እሷ የድራማ ቀርቶ የጎረቤቱንም ቆጥራ ጨርሳለች።»

እውነቷን ነው። እኛ አገር ሰርግ ጥር ላይ ይከመራል፤ የበኩር ልጅ ሲወለድ ቡና ላይ ያሉት እናቶች ሒሳቡን ከየት እንደሚጀምሩ ያውቃሉ። ላብራቶሪ አያስፈልጋቸውም።

ደራሲው ተደውሎለት ከከተማ መጣ። መጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ ፎቶው ላይ ያለውን ቀን ወደ ኅዳር መመለስ ነበር። እንዳይሆን ያደረገው የኔ ደብተር ነው፤ በተቀረጸው ሰርግ ላይ አንደኛው ሚዜ «ጥምቀት ካለፈ ገና ሳምንቱ» ይላል።

«ያውቃል» አሉ ጋሼ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃል። በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲያስነሳው እያወቀ ነው።»

«ታዲያ ፖስታው ምን ይሠራል?»

«ለልጁ ነዋ! ለኔ ምን ዜና አለው?»

ደራሲው ለረጅም ጊዜ ተከራከረ። ጩኸቱ፣ ማባረሩ፣ እርቁ፣ ሁሉም ሊቀርበት ነው። እኔ ግን ልቤ ወደ ጋሼ አደላ። በድሮው ስክሪፕት አባትየው ይቅር ባይ ነው፤ ይቅርታ ደግሞ ተበድያለሁ ከሚል ሰው ነው የሚመጣው። የጋሼ ሰውዬ የሚምረው ጥፋት የለም፤ ልጁን ገና በጨቅላነቱ መርጦ ወስዶታል። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ለልጅ የምንሰጠው የራሳችንን ስም ነው። የዚያ ልጅ ስም ትምህርት ቤት በተጠራ ቁጥር የነጋዴው ስም አብሮ ይጠራል። ይህን እያወቀ ካደረገው፣ አራት ክፍል ሙሉ ማስለቀስ ለምን ያስፈልጋል?

በነገራችን ላይ አባትየው ልጁን ለመካድ ጠበቃ የሚያቆምበት ክፍልም አብሮ ወደቀ፤ እኔ አላዘንኩም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ ከተፈጸመ ከ180 ቀን በኋላ የተወለደን ልጅ በጋብቻ ውስጥ እንደተፀነሰ ይቆጥረዋል፤ አባቱም ባልየው ነው። ጥር 17 ላይ ስድስት ወር ሲደመር ሐምሌ 17 ነው፤ ልጁ ከዚያ አልፎ ነው የመጣው። ልጄ አይደለም የሚል ባል ደግሞ ሃያ ዓመት ጠብቆ መክሰስ አይችልም። ጠበቃው እንዲሁ ኮት ለብሶ ሊከራከር ነበር።

ዋናው ራስ ምታት የተቀረጸው ነበር። ሸሚዝና ሰዓት መከታተል ቀላል ነው፤ አሁን መከታተል ያለብኝ ሰውዬው የሚያውቀውን ነገር ሆነ። የተቀረጸውን ሁሉ ከዳይሬክተሩ ጋር ላፕቶፕ ላይ አየነው። ጥቂቱን ድጋሚ መቅረጽ ግድ ሆነ፤ ፕሮዲዩሰሩ የቤቱን ኪራይ እያሰበ አጉረመረመ። አብዛኛው ግን ሳይነካ እንዳለ ቀረ። የትምህርት ቤት ምዝገባው እንዲያውም ገረመን። መዝጋቢዋ «የአባት ስም?» ስትል ጋሼ ዝም ይላሉ፣ ወደ መስኮቱ ያያሉ፣ ከዚያ ጠንከር አድርገው ስማቸውን ይናገራሉ። ያን ዕለት ዝም ያሉት የጎረቤት ሚክሰር እስኪያልፍላቸው ነበር! ያንኑ ትዕይንት ደጋግመን የቀረጽናቸው ሌሎቹ ቴኮች በድምፅ ስለተበላሹ ነው ያቺን የያዝናት። ሞንታዥ የሚሠራው ልጅ ግን ምንም ሳይነገረው «እዚህ ጋ ጋሼ አንጀት በሉኝ» አለ።

ፖስታውንም ቀረጽነው። ልጁ እጁ እየተንቀጠቀጠ «አባዬ፣ ይኼን እየው» ብሎ ሰጣቸው። ጋሼ ተቀበሉና ሳይከፍቱ የዱቤ ደብተሩ ውስጥ ከተቱት፤ «ነገ ሰንዳፋ ጤፍ ልናይ ነው፣ በጠዋት ተነሳ» አሉት። ስክሪፕቱ ላይ ገጽ ከግማሽ የነበረው ንግግር በዚህ አለቀ። ደራሲው ከሞኒተሩ ኋላ ቆሞ ምንም አላለም፤ እስክሪብቶውን ብቻ አውጥቶ ገጹን ሰረዘው።

በማግስቱ የእናትየው ተራ ነበር። እናትየውን የምትጫወተው ልጅ አዲሱን ገጽ ይዛ መጣችና ካሜራው ከመነሳቱ በፊት እጇን አወጣች።

«እሱ እንደሚያውቅ እኔ አውቃለሁ?»

ዳይሬክተሩ ወደ ደራሲው ዞረ፤ ደራሲው ወደ ጋሼ። ጋሼ «እሱን እኔ በምን ልወቅ፣ እሷ እኮ አልነገረችኝም» አሉ። የዚያን ቀን ቀረጻ በዚሁ ተሰረዘ።