መድገም ያቃተኝ የወፍ ጂኖም

የመጀመሪያውን የወፍ ጂኖም (የወፉን ሙሉ ዲኤንኤ) ከተነበቡ ቁርጥራጮች የገጣጠምኩት ኮማንድ እየጻፍኩ ነው። ውጤቱ ጥሩ ነበር። ከወራት በኋላ ባልደረባዬ «በእኔ ዳታ ልሞክረው፣ እንዴት እንደሠራሽው ላኪልኝ» አለኝ። የምልከው ነገር አጣሁ። ከኮማንዶቹ ግማሹ የለም፣ የሶፍትዌሮቹን ቨርዥን አልመዘገብኩም፣ አንዳንዱን ቁጥር ደግሞ ግራፍ አይቼ በግምት ነበር ያስገባሁት። በጣም ከነከነኝ። እኔው ራሴ የማልደግመውን ሌላው ሰው በምን ይመነው?

ስለዚህ ከዜሮ ጀመርኩ፣ አሁን ግን ጋላክሲ ላይ። ጋላክሲ በብሮውዘር የሚሠራ ነፃ መድረክ ነው፤ የተጠቀማችሁበትን መሣሪያ ከነቨርዥኑ፣ ያስገባችሁትንም ቁጥር ራሱ ይመዘግባል። የአከርካሪ እንስሳት ጂኖም ፕሮጀክት የሥራ ሂደትም እዚያው አለ። መጀመሪያ በእርሾ ሞከርኩት። የእርሾ ጂኖም 12 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል ገደማ ስለሆነ ስህተታችሁን ቶሎ ታዩታላችሁ፤ የወፍ ግን አንድ ቢሊዮን አካባቢ ነው፣ ብዙ ያስጠብቃል።

ብዙ ያስተማረኝ ግን የወፉ ጂኖም መጠን ነው። ከመገጣጠሜ በፊት የሃይፋይ ንባቦቹን (በትክክለኛነት የተነበቡትን ረጃጅም የዲኤንኤ ቁርጥራጮች) በ21 ፊደል እየከፋፈልኩ ቆጥሬ፣ ጂኖምስኮፕ በሚባል ፕሮግራም የጂኖሙን መጠን ገምቼ ነበር። ገጣጣሚው ፕሮግራም ሃይፊያዝም ገጣጥሞ ሲጨርስ ከግምቱ በጣም የበለጠ መጣ። የሚጠበቁት ጂኖች መኖራቸውን የሚፈትሸውን ቡስኮን ሳየው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ መገኘት ያለባቸው ጂኖች ሁለት ሁለት ጊዜ ተቀምጠዋል። ለካ ከእናትና ከአባት የመጡት ቅጂዎች በጣም የሚለያዩበት ቦታ ላይ ፕሮግራሙ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች አድርጎ ይዟቸዋል። ምክንያቱን ሎጉ (ፕሮግራሙ የሚጽፈው መዝገብ) ላይ አገኘሁት፦ በቆጠራው ግራፍ ላይ ካሉት ሁለት ጉብታዎች የአንዱን ወላጅ ቅጂ የሚያሳየውን በግራ በኩል ያለውን፣ የሁለቱም የጋራ እንደሆነ ቆጥሮታል። ትክክለኛውን ቁጥር በእጄ ሰጥቼ ደገምኩት፣ መጠኑም ተስተካከለ። ያ ቁጥር አሁን ከነምክንያቱ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ግምቱን አስቀድሜ ባልይዝ ኖሮ የተደራረበውን ጂኖም ደስ ብሎኝ አስረክብ ነበር።

መርኩሪ በሚባል ፕሮግራም የለካሁት ጥራት ከ40 አለፈ፤ 40 ማለት በ10,000 ፊደል አንድ ስህተት ነው።

ማሽን ሙሉ በሙሉ የማይሠራልን አንድ ደረጃ ግን አለ። የሃይሲ ዳታ (በሴል ውስጥ የትኞቹ የዲኤንኤ ክፍሎች እንደሚቀራረቡ የሚያሳይ) የትኛው ቁራጭ ከየትኛው ጎን እንደሚቀመጥ ይጠቁማል፣ ያስ የሚባለው ፕሮግራምም በዚያ ተመርቶ በክሮሞዞም ይደረድራቸዋል፤ የዚህን ቅርርብ ካርታ ተመልክቶ ማረም ግን የሰው ሥራ ነው። ወፎች ላይ ደግሞ ጥቃቅን ክሮሞዞሞች ስላሉ ዓይን ያደክማል። ስለዚህ የቆረጥኩትንና የቀጠልኩትን ሁሉ ለምን እንዳደረግኩት ጭምር አንድ ፋይል ላይ እየጻፍኩ ሄድኩ።

በመጨረሻ ሁሉንም ለባልደረባዬ ላክሁለት። በእኔው ዳታ ከመጀመሪያው አስኬደው፣ ካርታው ድረስ ያለው ልክ እንደኔው መጣለት። አንድ ቦታ ላይ ግን እኔ የቀጠልኩትን አልተቀበለም። አብረን ካርታውን አየነው፣ ማስረጃው አልበቃንም፣ ለያይተን ተውነው።