ስም ሲወጣ ያጠፋሁት ፊልም

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቪዲዮ ቤት ከተቀጠርኩ ገና ሳምንቴ ነበር። ካሴት መክተት፣ ድምፅ ማስተካከል፣ ፊልም ሲያልቅ ሰው አስወጥቶ ቀጣዩን ማስገባት ነው ሥራዬ። ጋሼ፣ ባለቤቱ፣ ሲቀጥሩኝ አጥብቀው የነገሩኝ አንድ ነገር ነው፤ «በፊልምና በፊልም መሀል ጊዜ እንዳታባክን።»

የዚያን ቀን «ራሽ አወር»ን ከፈትኩ። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ጃኪ ቻንና ክሪስ ተከር የሠሩት ፊልም ነው። የሆንግ ኮንጉ መርማሪ ሊ የታገተችውን የቆንስሉን ልጅ ሊፈልግ ሎስ አንጀለስ ይመጣል። ወሬ የማይደክመው ፖሊስ ካርተር ደግሞ ከምርመራው እንዲያርቀው ይመደብበታል። በ33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ በዓለም ዙሪያ ወደ 244 ሚሊዮን ዶላር ማስገባቱን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ቤታችን ጢም ብሎ መሙላቱን ብቻ ነበር።

ሰው የመጣው ለጃኪ ድብድብ ነው። ግን ከድብድቡ ይልቅ ያሳቀው የሁለቱ አለመግባባት ነበር። ከመሀላችን እንግሊዝኛ አጥርቶ የሚሰማ ጥቂት ነው። ካርተር ያልሰማው መስሎት ሊ ላይ ሲጮህበት ግን ቤቱ በሙሉ የሊ ወገን ሆነ። ቋንቋው አልገባውም ተብሎ ሰው ሲጮህበት ምን እንደሚሰማው እናውቃለና።

ፊልሙ አለቀ። ስሞች መውጣት ጀመሩ። ውጭ ሰው ተሰልፏል። ቴሌቪዥኑን ድርግም አደረግሁት።

«ኧረ ክፈተው!» ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ገንዘባችን ይመለስ ያሉም ነበሩ። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ ልብስ ሰፊ አባት ግን አልጮሁም። «ልጄ፣ በረካው ሳይጠጣ ረከቦት ይነሳል እንዴ?» አሉኝ። ለካ በጃኪ ፊልም ስም ሲወጣ፣ ቀረጻ ላይ የተበላሹት ትዕይንቶች አብረው ይታያሉ። ደንበኛ ሁሉ ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ጋሼ ጩኸቱን ሰምተው ገቡ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «መልሰው» አሉኝ።

ካሴቱን መለስኩት። ፊልሙን ሙሉ ሊ ላይ ሲያፌዝ የቆየው ክሪስ ተከር አንዲት የቻይንኛ አረፍተ ነገር አልወጣልህ ብላው ይንተባተባል። ጃኪ ይስቃል። የዚያን ጊዜው ሳቅ የቤቱን ቆርቆሮ ሊያነሳው ነበር። ውጭ የተሰለፉት ሳይቀሩ በበሩ ስንጥቅ እያዩ ሳቁ።

በማግስቱ ጋሼ የበሩን የሰዓት ሰሌዳ ቀይረው ጻፉት። በየፊልሙ መሀል አሥር ደቂቃ ጨምረው ነበር።